ኒው ሜክሲኮን በአርቪ ለምትጎበኙ ጡረተኞች፦ ከቆላ ወደ ደጋ

ኒው ሜክሲኮ ደጋ ነው። ካርታ ላይ በቴክሳስና በአሪዞና መሀል የተዘረጋ በረሃ ስለሚመስል ብዙ ሰው ለሙቀት ብቻ ተዘጋጅቶ ይመጣል። አልበከርኪ ከ5,000 ጫማ በላይ ናት፤ ሳንታ ፌና ታኦስ 7,000 ጫማ አካባቢ ናቸው፤ ክላውድክሮፍት የምትባለው የተራራ ከተማ ደግሞ ከ8,600 ጫማ ታልፋለች። አዲስ አበባ 7,700 ጫማ ገደማ ላይ መሆኗን ያሰበ ሰው የሳንታ ፌ ጠዋት ለምን የአዲስ አበባን የጥቅምት ጠዋት እንደሚያስታውስ ይገባዋል። ይሁንና ሠላሳ አርባ ዓመት ሜሪላንድ ወይም ዳላስ የኖረ ሰውነት ያንን ከፍታ ለቆታል። የአርቪው (መኝታና ማዕድ ቤት ያለው የጉዞ መኪና ማለት ነው) ሞተር፣ ጄኔሬተርና ፍሪጅም ከፍታ ሲነካቸው ጠባያቸው ይለወጣል። ስለዚህ ለማንኛውም ጡረተኛ ባልና ሚስት የምንመክረው ጉዞውን ከቆላው ጀምረው ወደ ደጋው እንዲወጡ ነው።

መንገዱ እንዲህ ይሄዳል። በደቡብ ምሥራቅ ከካርልስባድ፣ 3,100 ጫማ ገደማ ላይ ይነሳል። በአላሞጎርዶና በዋይት ሳንድስ አድርጎ ላስ ክሩሰስ ይወርዳል። ከዚያ በኢንተርስቴት 25 ወደ ሰሜን ኤለፈንት ቢዩትን፣ ሶኮሮንና አልበከርኪን ይዞ ሳንታ ፌና ታኦስ ላይ ያበቃል። ሦስት ሳምንት ብትሰጡት ይበቃል፤ ሁለት ሳምንት ከሆነ ሰሜኑን ወይም ደቡቡን ምረጡ፣ ሁለቱንም አትሩጡበት። በቀን ከ200 ማይል በላይ መንዳት በዚህ ግዛት ጥሩ አይደለም፤ ምክንያቱን ስለ ነፋሱ ስንጽፍ ታዩታላችሁ።

የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የሚያሸና መድኃኒት የምትወስዱ ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪማችሁን “ሁለት ሳምንት 7,000 ጫማ ላይ ልቆይ ነው” ብላችሁ ጠይቁ። አየሩ በጣም ደረቅ ስለሆነ ላብ ሳይታይ ይተናል፤ ሰው ውሃ እንደጠማው እንኳ ሳያውቅ ይደርቃል። አልበከርኪ ላይ ቢያንስ ሁለት ሌሊት አድራችሁ ነው ሳንታ ፌ መውጣት ያለባችሁ። ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣትና ማቅለሽለሽ ከመጡ ኪኒን እየዋጡ ከመቆየት ወደ ዝቅተኛው ቦታ መውረድ ይሻላል። መድኃኒታችሁን ለጉዞው ጊዜ የሚበቃና የአንድ ሳምንት ትርፍ ያዙ፤ በትናንሽ ከተሞች መሀል ያለው ርቀት ረጅም ነው።

መቼ ይኬዳል

ከሴፕቴምበር አጋማሽ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ድረስ ያለውን ጊዜ የሚያህል የለም። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ነፋሱ ይረግባል፣ በርበሬም ተለቅሞ ገበያ ይወጣል። ከማርች እስከ ሜይ የነፋስ ወራት ናቸው። ጁላይና ኦገስት ከሰዓት በኋላ መብረቅና ድንገተኛ ዶፍ አለ። በብርዱ ወራት ደቡቡ ጸሐያማና ደስ የሚል ነው፤ ሰሜኑ ግን የውሃ ቱቦ በረዶ ያደርጋል።

ነፋሱን በቁም ነገር ያዙት። ከማርች እስከ ሜይ ባሉት ወራት ጠዋት ጸጥ ያለው አየር እኩለ ቀን ሲያልፍ በሰዓት 50 ማይል የሚደርስ ንፋስ ይሆናል። የአርቪ ጎን እንደ ሸራ ነው፤ ከጎን ሲመታው ከመስመር ያወጣዋል። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ተነሱና እኩለ ቀን ሳይደርስ ማረፊያችሁ ግቡ። 200 ማይል ያልነው ለዚህ ነው። ስትቆሙ አፍንጫውን ወደ ምዕራብ አዙሩት፤ ብዙውን ጊዜ ነፋሱ ከዚያ ነው የሚመጣው። የጎኑን ታጣፊ ጥላ ወጣ ስትሉ ሁልጊዜ እጠፉት። አየሩ ጸጥ ብሎ ጥላውን ዘርግቶ ገበያ የሄደ ሰው ሲመለስ ክንዱ ተሰብሮ ጨርቁ ጣራ ላይ ተጠምጥሞ ያገኘዋል።

በኢንተርስቴት 10 ላይ፣ በሎርድስበርግ አቅራቢያ፣ ደረቅ የሐይቅ አልጋ አለ። አቧራው በደቂቃ ውስጥ መንገዱን ይጋርደዋል፤ ብዙ መኪና የተላተመበት ቦታ ነው። አቧራ ከፊታችሁ ካያችሁ አትግቡበት፣ መውጫ ፈልጋችሁ ጠብቁ። ውስጡ ከገባችሁ ደግሞ ከመንገዱ ሙሉ በሙሉ ውጡ፣ የቻላችሁትን ያህል ራቁ፣ መብራት በሙሉ አጥፉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ እግራችሁን ከፍሬን ፔዳሉ ላይ አንሱ። መብራት ማጥፋቱ ለብዙ ሰው የተገላቢጦሽ ይመስለዋል፤ ከኋላ የሚመጣው ሾፌር ግን የኋላ መብራታችሁን ካየ መንገዱ ያ ነው ብሎ ተከትሎ ይገጫችኋል።

በዝናቡ ወራት አሮዮ የሚባለው ደረቅ ወንዝ ውስጥ አታድሩ፤ ዝናቡ ተራራ ላይ ዘንቦ እናንተ ዘንድ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ጎርፉ ይደርሳል። በሩይዶሶ ዙሪያ በ2024 ትልቅ ሰደድ እሳት ተነስቶ ተራራው ተቃጥሏል፤ የተቃጠለ መሬት ውሃ ስለማይመጥ በ2025 ጁላይ የወረደው ጎርፍ የሰው ሕይወት ቀጥፏል። ከተቃጠለ ተራራ ሥር በዝናብ ወራት ካምፕ አትያዙ።

መኪናው ላይ የሚታዩ ነገሮች

ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ጫማው 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ክላውድክሮፍት ላይ ሩብ ያህሉ የለም ማለት ነው። ዳገት ላይ አትጨናነቁ፤ ቶው-ሆል የሚለውን፣ ማርሹን ለዳገትና ለጭነት የሚያስተካክለውን ቁልፍ ተጭናችሁ በቀኝ መስመር ቀስ በሉ፣ የሙቀት መለኪያውን እያያችሁ። ኋላችሁ አምስት ስድስት መኪና ከተሰለፈ ማለፊያ ቦታ ላይ ወጣ ብላችሁ አሳልፉ።

የአርቪ ጄኔሬተር በየ1,000 ጫማው 3.5 በመቶ ይቀንሳል። ስሙ 4,000 ዋት የሆነው 7,000 ጫማ ላይ 3,000 ዋት ገደማ ይሰጣል። ካርቡሬተር ያለው ከሆነ የከፍታ ማስተካከያ አለው፤ መመሪያውን አይታችሁ ከፍ ስትሉ አስተካክሉት፣ ስትወርዱም መልሱት። ካልተስተካከለ ቤንዚኑ ስለሚበዛበት ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ሻማውም ጥቀርሻ ይይዛል። ደግሞም አስታውሱ፦ ጄኔሬተሩ ከመኪናው ታንክ ነው የሚጠጣው፣ ነዳጁ ሩብ ሲደርስ ግን ራሱ ይጠፋል። እንዲህ የተሠራው ነዳጁን ሁሉ ጨርሶ መንገድ ላይ እንዳያስቀራችሁ ነው። “ጄኔሬተሩ ተበላሸ” የሚል ሰው መጀመሪያ የነዳጁን ልክ ይመልከት።

በፕሮፔን የሚሠራው የድሮው ዓይነት ፍሪጅ ከ5,500 ጫማ በላይ እሳቱ እየጠፋ ያስቸግራል። አየሩ ስለሳሳ ነው። ሳንታ ፌ ላይ ኤሌክትሪክ ያለበት ቦታ ያዙና በኤሌክትሪክ አዙሩት። እንዲህ ዓይነቱ ፍሪጅ መኪናው ዘመም ብሎ ሲቆምም አይሠራም፤ ቆማችሁ መጀመሪያ ደረጃውን አስተካክሉ። በባትሪ የሚሠራው አዲሱ ፍሪጅ ከፍታ አይነካውም፣ ግን ባትሪ ይጨርሳል።

ጎማው ላይ ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ መጨረሻ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች እዩ። 2319 ቢል በ2019 በሃያ ሦስተኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። የአርቪ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ያረጃል፤ ሰባት ዓመት የሞላውን ጎማ በዚህ ሙቀት አትመኑት። የጎማውን ንፋስ ጠዋት ሳትነዱ ለኩ። እኩለ ቀን ላይ ለክታችሁ “በዝቷል” ብላችሁ አታስተንፍሱ፤ የጨመረው ስለሞቀ ነው፣ ሲበርድ ጎማው ይጎድላል፣ የጎደለ ጎማ ደግሞ የበለጠ ይሞቅና ይፈነዳል። ብስክሌት የጫናችሁ ከሆነ በየካምፑ መሬት ላይ ላለው ኩርንችት ተጠንቀቁ፣ ነጠላ ጫማም ይበሳል።

ውሃ፣ ኤሌክትሪክና ምጣድ

አንድ ጋሎን ውሃ 8.3 ፓውንድ ይመዝናል። 40 ጋሎን ታንክ ሞልታችሁ ከነዳችሁ 330 ፓውንድ ጫናችሁ ማለት ነው። በሩ ውስጥ የተለጠፈው ወረቀት ምን ያህል መጫን እንደምትችሉ ይነግራችኋል፤ ትናንሾቹ አርቪዎች ላይ ቁጥሩ ከሚታሰበው ያነሰ ነው። በዚህ ግዛት ግን ታንኩን ከሲሶ በታች አታውርዱት፤ መኪና ተበላሽቶ ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ መቆም አለና። ካምፕ ላይ ቱቦ ስትገጥሙ መጀመሪያ የግፊት መቀነሻውን ቧንቧው ላይ፣ ከዚያ ቱቦውን ግጠሙ። የአንዳንዱ ካምፕ ግፊት የአርቪውን ውስጥ ቱቦ ይበጥሳል።

ቆሻሻ ስታፈሱ ጓንት አድርጉ። መጀመሪያ ብላክ ታንክ የሚባለውን የሽንት ቤቱን ልቀቁ፣ ቀጥሎ የመታጠቢያውን፤ የሳሙናው ውሃ ቱቦውን አጥቦላችሁ ይወጣል። የሽንት ቤቱን ቫልቭ ካምፕ ላይ ከፍታችሁ አትተዉት። ፈሳሹ ሄዶ ጠጣሩ ይቀራል፣ በዚህ ደረቅ አየር እንደ ጭቃ ጡብ ይደርቃል፣ ከዚያ በኋላ የሚያወጣው የለም። ሁለት ሦስተኛ እስኪሞላ ዘግታችሁ ቆዩ፤ ካፈሰሳችሁ በኋላም ሁለት ሦስት ጋሎን ንጹሕ ውሃ መልሳችሁ ጨምሩበት።

የስቴት ፓርኮቹ ካምፖች ብዙዎቹ 30 አምፕ ይሰጣሉ፤ 3,600 ዋት ማለት ነው። የጣራው ማቀዝቀዣ ብቻውን 13 አምፕ ገደማ ይወስዳል፣ የኤሌክትሪክ ምጣድም ያንኑ ያህል። ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው ውሃ ማሞቂያው ወይም ማይክሮዌቩ ሲጨመር ብሬከሩ መብራቱን ይቆርጠዋል። ምጣድ ጠዋት፣ ማቀዝቀዣው ሳይነሳ ነው የሚጣደው። ከዚያም ለምጣዱ የራሱ የሆነ ሶኬት ምረጡ እንጂ ቀጭን ማራዘሚያ ገመድ አትጠቀሙ፤ ገመዱ ይቀልጣል። ከሶኬቱ በፊት የሚገጠም የኤሌክትሪክ መከላከያም ግዙ፤ ሙቀት ሲበረታ ሁሉም ሰው ማቀዝቀዣ ስለሚከፍት ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ዝቅተኛ ቮልቴጅ የማቀዝቀዣውን ሞተር ያቃጥላል።

እውነቱን ለመናገር ለሦስት ሳምንት ጉዞ መጋገሩ ልፋቱን አይመልስም። ከዴንቨር፣ ከዳላስ ወይም ከፊኒክስ ስትነሱ እንጀራ ገዝታችሁ፣ አራት አራት እያደረጋችሁ በላስቲክ አጥብቃችሁ ጠቅልሉና በረዶ ቤት አስገቡ። ማታ አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ ብታሳድሩት ሳይሰባበር ይፈታል። ደጋው ላይ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ክክና ምስር ቶሎ አይበስልም፤ አዲስ አበባ ላይ እንደምታደርጉት ቀድሞ መዘፍዘፍ ወይም ግፊት ድስት መያዝ ነው።

ቡና አርቪው ውስጥ አትቁሉ። የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፣ እጣንም እንዲሁ ያስጮኸዋል፤ ባትሪውን ማውጣት ደግሞ ተኝቶ በጭስ ለመታፈን መዘጋጀት ነው። ውጭ፣ ነፋስ የማይመታው ጎን ላይ ቁሉት። ሜይና ጁን ላይ ደኑ ስለሚደርቅ የእሳት ክልከላ ይወጣል፤ በዚያ ጊዜ የከሰል ምድጃ በብዙ ካምፕ ክልክል ነው። መክፈቻና መዝጊያ ያለው የጋዝ ምድጃ አብዛኛውን ጊዜ ይፈቀዳል። ስለዚህ አንድ ትንሽ የቡቴን ምድጃ ያዙ። የካምፑን ሰሌዳ ስትገቡ አንብቡ፤ ቅጣቱ ቀላል አይደለም።

የሲኒየር ፓስ

62 ዓመት የሞላው የአሜሪካ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው የብሔራዊ ፓርኮች ሲኒየር ፓስ ማውጣት ይችላል። የዕድሜ ልኩ 80 ዶላር፣ የዓመቱ 20 ዶላር ነው። ብዙ ወገኖቻችን ለዜጋ ብቻ ይመስላቸዋል፤ ግሪን ካርድም ይበቃል። በመኪና የሚከፈልበት ቦታ መኪናውን በሙሉ ያስገባል፤ በሰው የሚከፈልበት ቦታ ባለቤቱንና ሦስት አዋቂዎችን። በፌዴራል ካምፖችም አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ዋጋ ታድራላችሁ። በስቴት ፓርኮችና በነባሮቹ የአሜሪካ ሕንዶች መሬት ላይ አይሠራም።

ካርልስባድ ዋሻ

ዋሻው በ1930 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ከመሄዳችሁ በፊት በሪክሪኤሽን ዶት ጎቭ ለአንድ ሰው 1 ዶላር ከፍላችሁ ሰዓት ያዙ፤ ሲኒየር ፓስ ቢኖራችሁም ይህች ዶላር አትቀርም። ወደ ታች የሚወስዱ ሁለት መንገዶች አሉ። በተፈጥሮው አፍ በእግር ስትገቡ 1.25 ማይል እየተጠማዘዘ 750 ጫማ ያወርዳል፤ ቁልቁለቱ ጉልበት ላይ ይበረታል። በአሳንሰር ከሆነ ያንኑ ጥልቀት በአንድ ደቂቃ ገደማ ትወርዱና ቢግ ሩም የሚባለውን ትልቁን አዳራሽ ትዞራላችሁ፤ እሱም 1.25 ማይል ገደማ ነው፣ አብዛኛው ደልዳላ፣ መደገፊያ ብረት ያለው። ጉልበቱ ለሚያመው ሰው አሳንሰሩ ይበቃል፣ ዋናው ውበት ቢግ ሩም ውስጥ ነው። አሳንሰሩ አንዳንዴ ስለሚበላሽ ጠዋት የፓርኩን ድረ ገጽ ተመልከቱ።

ውስጡ ዓመቱን ሙሉ 56 ዲግሪ ፋራናይት ነው፣ ርጥበትም አለው። ሹራብና የማያንሸራትት ጫማ ያስፈልጋል። ከተራ ውሃ በቀር ምግብም ሌላ መጠጥም አይገባም። ከሌላ ዋሻ ውስጥ ለብሳችሁት የነበረ ጫማና ልብስ አታምጡ፤ የሌሊት ወፎችን የሚፈጅ ፈንገስ ያስተላልፋል። ከሜይ መጨረሻ እስከ ኦክቶበር ድረስ ፀሐይ ስትገባ የሌሊት ወፎቹ ከዋሻው አፍ እየተሽከረከሩ ሲወጡ ማየት ይቻላል፣ ክፍያ የለውም። ስልክና ካሜራ ግን ጠፍቶ ኪስ ውስጥ ነው የሚቀመጠው።

ፓርኩ ውስጥ የአርቪ ማደሪያ የለም። ከካርልስባድ ከተማ በስተሰሜን ያለው ብራንትሊ ሌክ ስቴት ፓርክ ይሻላል። የከተማው የግል አርቪ ፓርኮች በነዳጅ ጉድጓድ ሠራተኞች ስለሚሞሉ ውድ ናቸው። ዩኤስ 285 ላይ የነዳጅ ኩባንያ ከባድ መኪናዎች ቀንም ሌሊትም ይጋፋሉ፤ በጨለማ አትንዱበት።

ከካርልስባድ ወደ አላሞጎርዶ ሁለት ምርጫ አለ። በዩኤስ 82 በክላውድክሮፍት በኩል 145 ማይል ገደማ ነው፤ መጨረሻው ላይ ግን 20 ማይል ባልሞላ መንገድ ከ4,300 ጫማ በላይ ያወርዳል። ክላውድክሮፍት ላይ ቆማችሁ ፍሬኑን አቀዝቅዙ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ዝቅ አድርጉ፣ ከዚያ 35 ማይል አካባቢ ያዙ። ፍጥነቱ ሲጨምር ጠንከር አድርጋችሁ ያዙና 10 ማይል ቀንሱ፣ ሙሉ በሙሉ ልቀቁ፣ እንደገና። እግራችሁን ፍሬኑ ላይ አስደግፋችሁ መውረድ ሸራውን ያነደዋል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከዓመት ዓመት ከአየር ውሃ ይስባል፤ ያ ውሃ በሙቀቱ ይፈላና ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል። ሁለት ሦስት ዓመት ያልተቀየረ ዘይት ይዛችሁ እዚያ አትውረዱ። ከኋላ መኪና የምትጎትቱ ከሆነ በኤል ፓሶ በኩል መዞሩን እንመርጣለን፤ 250 ማይል ገደማ ስለሆነ ለሁለት ቀን ክፈሉት፣ ከኋይትስ ሲቲ በኋላ ከ100 ማይል በላይ ነዳጅ ስለሌለ ሞልታችሁ ተነሱ፣ የጓዳሉፔ ማለፊያ ላይም ነፋስ ጠብቁ።

ዋይት ሳንድስ

አሸዋው ጂፕሰም ነው። በዙሪያው ካሉት ተራሮች ታጥቦ የሚመጣው ጂፕሰም መውጫ በሌለው ሸለቆ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ውሃው ሲደርቅ ክሪስታል ይሆናል፣ ነፋስ ክሪስታሉን ፈጭቶ ይከምረዋል። 275 ስኩዌር ማይል ነጭ ክምር። እንደ ሌላ አሸዋ ስለማይግል በባዶ እግር ይኬድበታል፤ ጠዋት ላይ ቀዝቀዝ ያለ፣ እንደ ፊኖ ዱቄት በጣት መሀል የሚንሸራተት ነው። ከ2019 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው።

ውስጡ ያለው መንገድ ስምንት ማይል ነው፤ አምስቱ አስፋልት፣ ቀሪው የተጠቀጠቀ ጂፕሰም። አርቪ ይሄድበታል፣ መጨረሻው ላይ ሰፊ ማዞሪያም አለ፤ ግን ከአስፋልቱ በኋላ 15 ማይል በሰዓት ካላለፋችሁ ነው ሳህኑ የማይሰበረው። ውሃ ጎብኚዎች ማዕከል ላይ ብቻ ነው ያለው። በክምሮቹ መሀል ወደ ሩቅ የሚወስደው የአልካሊ ፍላት መንገድ 5 ማይል ነው፣ ጥላ የለውም፤ በሙቀት ወራት አትሞክሩት። ኢንተርዲዩን ቦርድዎክ የተባለው የእንጨት መንገድ ግን ግማሽ ማይል አይሞላም፣ ለዊልቸርም ይሆናል። ዙሪያው የሚሳይል መፈተኛ ስለሆነ ሙከራ ሲኖር መንገዱ እስከ ሦስት ሰዓት ይዘጋል፤ ማለዳ ድረ ገጹን እዩ። ፀሐይ ከመግባቷ አንድ ሰዓት ተኩል በፊት ግቡ፤ ጥላው ሲረዝም ነው የክምሮቹ ቅርጽ የሚወጣው። አርቪ ይዞ ውስጥ ማደር አይቻልም። ከአላሞጎርዶ በስተደቡብ ያለው ኦሊቨር ሊ ስቴት ፓርክ ውሃና ኤሌክትሪክ አለው፤ ቀድማችሁ ያዙት።

ከዚያ ወደ ላስ ክሩሰስ ስትሄዱ ዩኤስ 70 ላይ፣ ከላስ ክሩሰስ ወደ ሰሜን ስትወጡም ኢንተርስቴት 25 ላይ የድንበር ጠባቂ ኬላ አለ። ድንበር ሳትሻገሩ ነው የሚጠይቋችሁ። ግሪን ካርድ ያለው አዋቂ ካርዱን ይዞ እንዲንቀሳቀስ ሕጉ ያስገድዳል፤ ቤት ትቶት ፎቶውን ስልክ ላይ መያዝ አይበቃም። ዜጋ የሆናችሁ ፓስፖርት ካርድ ብትይዙ ነገሩ በአንድ ጥያቄ ያልቃል። ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ካለ ፓስፖርቱንና የአይ-94 (የአገር መግቢያ መዝገብ) ወረቀቱን እጅ ላይ ያድርግ።

ወደ ሰሜን

ኤለፈንት ቢዩት ሐይቅ ዳር ኤሌክትሪክ ያለው ሰፊ ካምፕ አለ። አጠገቡ ትሩዝ ኦር ኮንሲኩዌንስስ የምትባለው ከተማ ፍል ውሃ አላት፣ የግል ክፍል በሰዓት ይከራያል። የደም ግፊት ያለበት ሰው 15 ደቂቃ ገብቶ ይውጣ፣ ሲነሳም ቀስ ይበል።

ከሶኮሮ በስተምዕራብ 50 ማይል ላይ 27 ግዙፍ የሬዲዮ ቴሌስኮፖች ሜዳ ላይ ተዘርግተዋል፤ የእያንዳንዱ ሳህን ስፋት 25 ሜትር ነው። ቦታው 7,000 ጫማ ስለሆነ ቀን ወጥቶ ማታ ሶኮሮ መውረዱ ሰውነትን ለሳንታ ፌ ያለማምዳል። ስልክ ይጠፋል፣ ሬዲዮውን ይረብሻልና። ነዳጅ ሶኮሮ ላይ ሙሉ።

አልበከርኪ ከ1972 ጀምሮ በኦክቶበር መጀመሪያ የባሉን ፌስታ ታደርጋለች፣ ዘጠኝ ቀን። ገና ሳይነጋ ሜዳው ላይ ቆማችሁ በመቶዎች የሚቆጠሩ ባሉኖች አጠገባችሁ በእሳት ተነፍተው ሲነሱ ማየት ነው። የአርቪ ቦታው ከብዙ ወራት በፊት ይሸጣል፤ አብዛኛው ያለ ውሃና ያለ ኤሌክትሪክ ስለሆነ የንጹሕ ውሃውን ታንክ ሞልታችሁ የቆሻሻውን ባዶ አድርጋችሁ ግቡ፣ ጃኬትና ጓንት ያዙ። ነፋስ ከበዛ በረራው ይሰረዛልና ቢያንስ ሦስት ጠዋት መድቡ። በከተማው የመኪና ስርቆት ስለሚበዛ ጄኔሬተርና ብስክሌት በሰንሰለት እሰሩ።

ሳንታ ፌ መሀል ከተማ አርቪ ይዛችሁ አትግቡ። ከ1610 ጀምሮ የቆመች ከተማ ናት፤ መንገዶቹ ለፈረስ የተሠሩ ናቸው። ሬይል ራነር የተባለው ባቡር ከአልበከርኪ ተነስቶ እስከ ሳንታ ፌ መሀል ከተማ አጠገብ ድረስ ይወስዳል፣ ለአዛውንት ርካሽ ነው።

ከሳንታ ፌ ወደ ታኦስ በሚወስደው የተራራ መንገድ ቺማዮ አለ። በ1816 የተሠራች የጭቃ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ምእመናን ከትንሿ ጉድጓድ አፈር ወስደው ለፈውስ ይቀባሉ፣ እኛ ዘንድ እምነት እንደሚወሰደው። በነሱ ስቅለት ብዙ ሺህ ሰው በእግሩ ይሄዳል፤ በዚያ ቀን አርቪ አይታሰብም። በሌላ ጊዜም ማቆሚያው ጠባብ ስለሆነ በትንሽ መኪና ሂዱ። ታኦስ ፑዌብሎ ሰዎች ዛሬም የሚኖሩበት የጭቃ ሕንፃ ነው፣ ከ1992 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ። በብርዱ ወራት መጨረሻ ለጸሎታቸው ለሳምንታት ይዘጉታል፤ ደውላችሁ ሂዱ። ሰው ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሱ፣ ድሮንም አታስነሱ።

ምግብ ቤት ስትገቡ ባቄላው በአሳማ ስብ መሠራቱን፣ አረንጓዴው የበርበሬ ወጥም የአሳማ ሥጋ እንዳለው ጠይቁ፤ ብዙ ቦታ አለው። በጾም ቀን ደግሞ አይብ እንዳይነሰንሱበት አስቀድማችሁ ንገሩ። ሴፕቴምበር ላይ ሃች ከምትባለው የኒው ሜክሲኮ መንደር የሚመጣው በርበሬ በየመንገዱ በሚሽከረከር ብረት ይጠበሳል፤ ቀዩ ደርቆ በዛላው ይሸጣል። ዛላውን ግዙ፣ የተፈጨው ሲቆይ መዓዛው ይጠፋል።

የጥንት ሕንፃዎች ፍርስራሽ ያለበት ቻኮ ካንየን ታላቅ ቦታ ነው፣ ግን የመጨረሻዎቹ 13 ማይሎች ገደማ ያልተነጠፉ፣ የሚንቀጠቀጡና ዝናብ ሲነካቸው የሚያጣብቁ ናቸው። የኪራይ አርቪ ውል ያልተነጠፈ መንገድ ይከለክላል፤ ጉዳት ከደረሰ ኢንሹራንሱ አይከፍልም። ተራ መኪና ተከራይታችሁ ሂዱ።

ወደ ዴንቨር የምትወጡ ከሆነ መጨረሻው ኢንተርስቴት 25 ላይ የራቶን ማለፊያ ነው፣ 7,834 ጫማ። ከኦክቶበር አጋማሽ በኋላ በረዶ ሊጥልበት ስለሚችል ራቶን ከተማ ላይ ነዳጅ እየሞላችሁ የአየሩን ትንበያ እዩ፤ ካልጠራ እዚያው እደሩና ጠዋት አስፋልቱ ሲደርቅ ተሻገሩ።